ወንዴና ሴቴ ዓሣ በአንድ ውኃ እየኖሩ ባክቴሪያቸው ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ «ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከአራት ገንዳ 48 የናይል ቲላፒያ ወስጄ የአንጀታቸውን ባክቴሪያ በዲኤንኤ ንባብ ለየሁ። ዓላማዬ ሁለት ዓይነት መኖ ማወዳደር ነበር። በመኖዎቹ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘሁም። አንድ ገምጋሚ ‹የዓሦቹ ፆታስ?› ብለው ጻፉልኝ። እኔ ደግሞ ፆታቸውን አልመዘገብኩም። ለመሆኑ በውኃ ውስጥ እንስሳት ወንዴና ሴቴ የተለያየ ማይክሮባዮታ አላቸው? ካላቸው ልዩነቱ ከየት ይመጣል? አሁንስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ገምጋሚው ያነሱት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አይቀየሟቸው። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይለያያል። በሁሉም ዝርያ አይደለም፤ በሁሉም ዕድሜና ወቅትም አይደለም። ግን በዓሣ፣ በስኩዊድ፣ በባሕር ትል ታይቷል። ማይክሮባዮታ ስል በእንስሳው አካል ላይና ውስጥ የሚኖሩትን ደቂቅ ተሕዋስያን በሙሉ ማለቴ ነው፤ አንጀቱን ብቻ ሳይሆን ቆዳውን፣ ስንጥቡን፣ ዕጢዎቹን ጭምር።

ረጅሙ መልስ ግን የበለጠ ይጠቅምዎታል። ባክቴሪያ ወንዴና ሴቴ የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ምግብ መኖር አለመኖሩን፣ ሐሞቱን፣ ኦክስጅኑን፣ የሚገድለውን ፕሮቲን ነው። ስለዚህ «በፆታ ይለያያል» የሚል ውጤት ሲያገኙ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ገና መጀመሩ ነው። ከፆታው ሥር ሌላ ነገር አለ። አንዳንዴ አንድ ዕጢ ነው፣ አንዳንዴ ጫጩት ማሳደግ ነው፣ አንዳንዴ ምግብ ነው፣ አንዳንዴ ሆርሞን ነው። ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ሳይደርሱ ያቆማሉ፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ፣ ልዩነት መኖሩ ራሱ ሊያስገርም ይገባል። በአንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ አለ። ዓሣ ያንን ውኃ በአፉ ያስገባል፣ በስንጥቡ ያሳልፋል፣ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፍበታል። ወንዴውና ሴቴዋ በአንድ ገንዳ ካሉ አንዱ ከአንጀቱ የጣለውን ባክቴሪያ ሌላው ወዲያው ያገኘዋል። እንዲህ እየተቀባበሉ እንዴት ሊለያዩ ይችላሉ?

መልሱ ውኃው የሚያቀርበው እጩዎችን ብቻ መሆኑ ነው። መራጩ አካሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ሙከራ ይህን በደንብ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የአይጥን የአንጀት ባክቴሪያ ምንም ባክቴሪያ ለሌለው ዜብራፊሽ (በቤተ ሙከራ የተለመደ ትንሽ ዓሣ) ሰጡ። የዜብራፊሹን ደግሞ ምንም ባክቴሪያ ለሌላት አይጥ ሰጡ። ባክቴሪያዎቹ በአዲሱ አንጀት ሲሰፍሩ እንደነበሩ አልቀሩም። የእያንዳንዱ ቡድን ድርሻ ወደ አዲሱ ባለቤት ልማድ አዘነበለ። እንግዲህ አንጀት ይህን ያህል የሚመርጥ ከሆነ፣ የወንዴና የሴቴ አካል በሚለያዩበት ልክ ምርጫውም ሊለያይ ይችላል።

አካላቱ በግልጽ ከሚለያዩበት እንጀምር።

በጥልቁ ባሕር የምትኖረው አንግለርፊሽ ከግንባሯ የሚወጣ ዘንግ አላት። ጫፉ ላይ የሚያበራ አምፖል የመሰለ ነገር አለ። ብርሃኑን የሚሠሩት በውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ይህ ያላት ሴቴዋ ብቻ ናት። ወንዴው ድንክ ነው፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ሴቴዋን ነክሶ ከአካሏ ጋር ይዋሐዳል። መብራት የለውም፣ የመብራቱ ባክቴሪያም የለውም።

ኦሴዳክስ የሚባለው አጥንት በል ትልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በካሊፎርኒያ ሞንተሬ ባሕረ ሰላጤ፣ ከውኃው ወለል 2,900 ሜትር ገደማ ታች፣ በሞተ ዓሣ ነባሪ አጥንት ላይ ተገኘ። ሴቴዋ አፍም አንጀትም የላትም። እንደ ሥር የተንሰራፋ አካሏን አጥንቱ ውስጥ ትሰዳለች፤ ሥሩ ውስጥ ባክቴሪያ ታኖራለች። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ወንዴው በዓይን የማይታይ ድንክ ነው። ሴቴዋ በምትኖርበት ቱቦ ውስጥ ከሌሎች ብዙ ወንዴዎች ጋር ታጭቆ፣ ከእንቁላሉ በተረፈው አስኳል ይኖራል። አጥንት አይበላም፣ ሥር የለውም፣ ስለዚህ የሥሩ ባክቴሪያም የለውም።

እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ግን የሃዋይ ቦብቴይል ስኩዊድ ነው። ይህ አውራ ጣት የሚያህል እንስሳ በሌላ ነገር ነው የታወቀው፦ ሆዱ ሥር የሚያበራ አካል አለው፣ እዚያ ውስጥ የሚኖረውም ቪብሪዮ ፊሸሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። መብራቱ በወንዴውም በሴቴዋም አለ። ሴቴዋ ግን አንድ ተጨማሪ ዕጢ አላት። ዕጢው ከመራቢያ አካሏ ጋር የተያያዘ ነው፣ ውስጡም በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ወንዴው ይህ ዕጢ ጭራሽ የለውም። ሴቴዋም ብትሆን ስትፈለፈል የላትም። እያደገች ስትሄድ ዕጢው ይበቅላል፣ ባክቴሪያውንም ከአካባቢው ውኃ ይሰበስባል።

ለምን? እንቁላል ስትጥል መልሱ ይገኛል። ዕጢው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እንቁላሉን በሚሸፍነው ዝልግልግ ልባስ ውስጥ ይገባሉ። እናት እንቁላሎቿን ጥላ ትሄዳለች፤ ጠባቂ የላቸውም። ለመፈልፈል ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ፈንገስና ባክቴሪያ በሞላበት ሞቃት ውኃ ውስጥ ሦስት ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሥራ ተመራማሪዎች የእንቁላሎቹን ባክቴሪያ በአንቲባዮቲክ ቀነሱ፣ ከዚያ ፉዛሪየም ለሚባል ፈንገስ አጋለጧቸው። ፈንገሱ እንቁላሎቹን ወረራቸው፣ ፅንሶቹም በብዛት አለቁ። ባክቴሪያቸው ያልተነካባቸው እንቁላሎች ግን ተቋቋሙት። እናት ጠባቂ አልተወችም ብያለሁ፤ ለካ ትታለች።

አሁን አንድ ሰው የወንዴና የሴቴ ስኩዊድን መላ አካል ፈጭቶ ቢያስነብብ ምን ያገኛል? «ከፍተኛ የፆታ ልዩነት»። ውጤቱ ሐሰት አይደለም። ግን የልዩነቱ ምንጭ አንድ ዕጢ ነው። አንጀታቸውን ብቻ ቢወስድ ሌላ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የፆታ ልዩነት ሲባል በሰሙ ቁጥር «የትኛው አካል ላይ?» ብለው ይጠይቁ።

ጫጩት ማሳደግም እንዲሁ ነው። ፆታ ይመስላል፤ ሥራ ነው። ከሽሪምፕ ዓይነቶች አንዷ ፅንሶቿን ሆዷ ሥር ተሸክማ ትዞራለች። የፅንሶቹ ገጽ አልቴሮሞናስ በሚባል ባክቴሪያ ተሸፍኗል። ባክቴሪያው አይሳቲን የሚባል ኬሚካል ያመርታል፤ ይህም ፈንገስ ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሙከራ ባክቴሪያውን ሲያስወግድ ፅንሶቹ በፈንገስ ሞቱ። አይሳቲኑን ብቻ ሲመልስላቸው ብዙዎቹ ተረፉ። ፅንስ የተሸከመችን ሽሪምፕ ከወንዴ ጋር አወዳድሮ «ሴቴ እንዲህ ናት» ማለት ታዲያ ትክክል አይሆንም። ፅንስ ያልያዘችው ሴቴስ?

በባሕር ፈረስና በዘመዱ በፓይፕፊሽ ነገሩ ይገለበጣል። የሚያረግዘው ወንዴው ነው። እንቁላሉን ሴቴዋ በወንዴው ኪስ ውስጥ ትጥላለች፣ እሱ ተሸክሞ ያሳድጋል። በፓይፕፊሽ ላይ በተሠራ ጥናት የኪሱ ባክቴሪያ በእርግዝናው ሂደት እየተለወጠ ይሄዳል። ፅንሱ ከእናቱ በእንቁላሉ በኩል፣ ከአባቱ ደግሞ በኪሱ በኩል ባክቴሪያ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ፆታ ራሱ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዲህ ባልተገላበጠ ነበር። ዲስከስ የሚባለው የአማዞን ዓሣ ደግሞ እናትም አባትም ጫጩቶቻቸውን በቆዳቸው ዝልግልግ ፈሳሽ ይመግባሉ፤ ባክቴሪያም አብሮ ይተላለፋል።

ወደ እርስዎ ዓሣ ስንመጣ፣ የናይል ቲላፒያ እናት እንቁላሎቿን በአፏ ውስጥ ነው የምታቅፈው። ጫጩቶቹ አስኳላቸውን ጨርሰው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይሆናል። በዚያ ጊዜ እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል። ባዶ አንጀት ደግሞ ለባክቴሪያ ሌላ ዓለም ነው። ከምግብ የሚኖሩት ይሳሳሉ፤ የአንጀቱን ግድግዳ ልባስ የሚበሉት ቦታ ያገኛሉ። በታንጋኒካ ሐይቅ በሚኖር ሌላ አፍ አቃፊ ዓሣ፣ አስታቶቲላፒያ በርቶኒ ላይ፣ የእናቶቹ አንጀትና ባክቴሪያው በዚህ የጾም ጊዜ ምን እንደሚሆን ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከ48ቱ ዓሦችዎ ውስጥ ናሙና በተወሰደ ቀን እንቁላል በአፏ የያዘች ነበረች? ከነበረች እሷ መኖዎን ለቀናት አልበላችም። በመኖ ሙከራ ውስጥ መኖ ያልበላ ዓሣ አለ ማለት ነው።

አሁን ለጥያቄዎ በጣም ወደሚቀርበው ደረስኩ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ዓሦቹ ባለ ሦስት እሾህ ስቲክልባክና የአውሮፓ ፐርች ናቸው። ጥያቄው የአንድ ዓሣ ምግብ ከአንጀቱ ባክቴሪያ ጋር እንዴት ይያያዛል የሚል ነበር። መልሱ ለወንዴና ለሴቴ አንድ አልሆነም። ወንዴው አንድ ዓይነት ምግብ ሲያበዛ አንጀቱ ውስጥ የሚጨምረው ባክቴሪያ ሴቴዋ ያንኑ ምግብ ስታበዛ ከሚጨምረው ጋር አይገጥምም። ተመራማሪዎቹ በዱር ካሉት ዓሦች አልፈው በቤተ ሙከራም ስቲክልባኮችን የተለያየ ምግብ እየሰጡ ፈትሸዋል፤ እዚያም የምግቡ ውጤት በፆታ ላይ የተመሠረተ ሆነ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ ይበሉ። «ወንዴና ሴቴ ይለያያሉ» ከሚለው የተለየ አባባል ነው። የሚለው የምግብ ለውጥ ወንዴውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሴቴዋን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገፋል ነው። ሁለቱን ቀላቅለው አማካይ ቢወስዱ ግፊቶቹ ይጣፋሉ። ግራፉ ላይ የሚታየው «መኖው ምንም አላመጣም» የሚል ነው። ልብ ብለውታል? የእርስዎ ውጤት በትክክል እንዲህ ነው የሚመስለው። እውነት መኖዎቹ ልዩነት ሳይኖራቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ልዩነቱ በፆታ ተጣፍቶ ሊሆን ይችላል። ፆታው ካልታወቀ የትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም። ገምጋሚው ያዩት ይህንን ይመስለኛል።

በስቲክልባክ ላይ ይህ ከየት ሊመጣ ይችላል? ኑሯቸውን ማየት ነው። በመራቢያ ወቅት ወንዴው ጎጆ ይሠራል፤ ማጣበቂያውን ከኩላሊቱ ነው የሚያወጣው። ከዚያ ጎጆውን ሲጠብቅ ይውላል። ሴቴዋ ግን እንደልቧ እየዞረች ትበላለች፣ ምክንያቱም እንቁላል መሥራት ብዙ ስብና ፕሮቲን ይጠይቃል። ውጥረቱ፣ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ፣ የሚያጠራቅሙት ስብ ሁሉ ይለያያል። በእርስዎ ገንዳ ውስጥም ቢሆን ጉልበተኛ ወንዴ ቲላፒያ ቦታ ይይዛል፣ ሌሎቹን ያባርራል። መኖ ሲበተን ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ቆመው ያዩ ይመስለኛል። በወረቀት ላይ አንድ መኖ የተሰጣቸው ዓሦች በአንጀታቸው አንድ መጠን አልደረሳቸውም።

ከምግብና ከኑሮ ባሻገር ሆርሞን አለ። እዚህ ላይ መረጃው ከዓሣ ይልቅ ከአይጥ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የታተመ ሥራ አለ። የዓይነት አንድ ስኳር በሽታ በሚይዛቸው አይጦች፣ የወንዴን የአንጀት ይዘት ላልደረሱ ሴቴዎች ሰጡ። የሴቴዎቹ ማይክሮባዮታ ተለወጠ፣ የቴስቶስትሮን መጠናቸው ከፍ አለ፣ ይህም ከበሽታው ጠበቃቸው። መንገዱ የሁለትዮሽ ነው ማለት ነው፦ ሆርሞን ባክቴሪያን ይለውጣል፣ ባክቴሪያም ሆርሞንን።

በዓሣ አካል ውስጥ ይህ መንገድ በምን በኩል ሊያልፍ እንደሚችል እናውቃለን። ሴቴዋ ስትጎለምስ ኢስትሮጅን ጉበቷን ያዘዋል፤ ጉበቷም ቫይተሎጀኒን የሚባለውን የአስኳል ፕሮቲን በብዛት ማምረት ይጀምራል። ይህ ፕሮቲን የፅንስ ስንቅ ብቻ አይደለም። ከባክቴሪያ ገጽ ጋር እንደሚጣበቅና ባክቴሪያን እንደሚያጠቃ በዓሦች ላይ ታይቷል። የሆርሞን ቅሪት ደግሞ በሐሞት አድርጎ ወደ አንጀት ይፈስሳል። እዚያ የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች አሉ። ኮማሞናስ ቴስቶስትሮኒ የሚባለው ባክቴሪያ ስሙን ያገኘው ቴስቶስትሮንን እንደ ምግብ መጠቀም ስለሚችል ነው። የመከላከያ ሥርዓቱም በሆርሞን ይሾራል፤ በመራቢያ ወቅት በወንዴና በሴቴ ላይ እኩል አይሠራም።

ታዲያ የአይጡን ዓይነት ሙከራ በዓሣ ላይ መድገም ለምን አስቸገረ? አንዱ ምክንያት በጣም ተግባራዊ ነው። ከባክቴሪያ የጸዳ ዜብራፊሽ ማሳደግ ይቻላል፣ ግን በአብዛኛው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ከዚያ በላይ ንጽሕናውን ጠብቆ መመገብ እጅግ ይከብዳል። ፆታው ግን የሚለየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ለአካለ መጠን የሚደርሰውም በሦስት ወር ገደማ ነው። ንጹሑ ዓሣ ፆታ የለውም፤ ፆታ ያለው ዓሣ ንጹሕ አይደለም። ይህን ክፍተት የሚሞላ ሰው ትልቅ ሥራ ይሠራል።

አንዳንዴ ደግሞ ፆታውን የሚወስነው ራሱ ተሕዋሲው ነው። ጋማረስ ዱቤኒ የሚባል ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ አለ። በውስጡ ማይክሮስፖሪዲያ የሚባሉ፣ ከፈንገስ ጋር የሚዛመዱ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኞች ይኖራሉ። ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚሸጋገሩት በእንቁላል በኩል ነው። ወንዴ ውስጥ የገባ ጥገኛ እዚያው ቀረ ማለት ነው፤ መውጫ የለውም። ስለዚህ ጥገኛው ወንዴ ሊሆን የነበረውን ሴቴ ያደርገዋል። በእነዚህ እንስሳት ወንዴነትን የሚያመጣ አንድ ዕጢ አለ፤ ጥገኛው ዕጢው እንዳይዳብር ያደርጋል። ይህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። እዚህ «ሴቴዎች ውስጥ ይህ ተሕዋሲ ይበዛል» የሚል ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው ምክንያቱንና ውጤቱን ገልብጦ ሊያነብ ይችላል። ሴቴ ስለሆኑ አይደለም ተሕዋሲው የበዛው፤ ተሕዋሲው ስላለ ነው ሴቴ የሆኑት።

ፆታ የሚቀይሩ ዓሦች ሌላ ወጥመድ አላቸው። ወርቃማ ግንባር ያለው የሜዲትራኒያን ሲብሪም መጀመሪያ ወንዴ ሆኖ ይጎለምሳል፣ በኋላ ብዙዎቹ ሴቴ ይሆናሉ። ሴቴዎቹ ሁልጊዜ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ በአካልም ይገዝፋሉ። እዚህ ፆታን ከዕድሜ ሳይለዩ መናገር አይቻልም። እርስዎ እንኳ ከዚህ ተርፈዋል፤ ቲላፒያ ካደገ በኋላ ፆታ አይቀይርም።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቅዎ ግን ገንዳን ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ዓሦቹ እንዳይራቡብን ብለን ወንዴዎቹን በአንድ ገንዳ፣ ሴቴዎቹን በሌላ ለይተን አቆየን። የአንጀት ባክቴሪያቸውን ስናነብ ልዩነቱ ወለል ብሎ ወጣ። በጣም ተደሰትን። በሚቀጥለው ዙር በየገንዳው ሁለቱንም ቀላቅለን ደገምነው። ያ ሁሉ ልዩነት አብዛኛው ጠፋ። መጀመሪያ ያየነው የሁለት ገንዳ ውኃ ልዩነት ነበር እንጂ የፆታ አልነበረም። በዚያ ውጤት ላይ የስድስት ወር ሥራ አውለን ነበር። አንድ ገንዳ ውስጥ ያሉ 12 ዓሦች 12 ነጻ ናሙናዎች አይደሉም፤ አንድ ውኃ የሚጋሩ ቤተሰብ ናቸው። የእርስዎም አራት ገንዳ ለሁለት መኖ ሲከፈል ለእያንዳንዱ መኖ የሚደርሰው ሁለት ገንዳ ነው። ይህን ገምጋሚው ባያነሱትም እርስዎ ራስዎ በግልጽ ይጻፉት።

አሁን ምን ያድርጉ ወደሚለው ልምጣ። ተስፋ የሚቆረጥበት ነገር የለም።

የዓሦቹ ሥጋ በበረዶ ተቀምጦ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ያደገ ቲላፒያ ከሥር ሲታይ ወንዴው ሁለት ቀዳዳ አለው፦ አንዱ የፊንጢጣ፣ ሌላው የሽንትና የዘር በአንድነት። ሴቴዋ ሦስት አላት፣ ምክንያቱም የእንቁላሏ መውጫ ለብቻው ነው። ቦታውን በቀለም ጠብታ ቢነኩት ይበልጥ ይታያል። ሆዱ ተከፍቶ የመራቢያ አካሉ ካልተጣለ እሱን ማየት ይሻላል። ትንሽ ቁራጭ በአሴቶካርሚን ቀለም ነክረው በመስታወት ስር ደፍጥጠው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት እንቁላል የሚሠራው ከዘር ፍሬው ይለያል። ይህ በቲላፒያ ጫጩቶች ላይ ሳይቀር የሚሠራበት የቆየ ዘዴ ነው። በተጨማሪም የመራቢያ አካሉን ክብደት ለሰውነቱ ክብደት አካፍለው ይመዝግቡት። «ሴቴ» ከሚለው ቃል ይልቅ «እንቁላሏ የደረሰ ሴቴ» የሚለው ስለ ባክቴሪያው ብዙ ይነግረናል። እንቁላል የሞላባት ሴቴ ሆዷ ውስጥ አንጀቷ ራሱ ተጨፍልቆ ነው የሚገኘው።

ሥጋው ከሌለስ? የአንጀቱ ዲኤንኤ አለዎት አይደል? እሱ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብቻ አይደለም፤ የዓሣውም ዲኤንኤ ተቀላቅሎበታል። ብዙ ጊዜ የሚያማርረን ይህ ቅልቅል አሁን ይጠቅምዎታል። የናይል ቲላፒያ ፆታ እንደ ሰው በኤክስና ዋይ ክሮሞሶም ነው የሚወሰነው። በዋይ ላይ ያለውን ኤኤምኤች-ዋይ የሚባለውን ዘረመል በፒሲአር (የተፈለገን የዲኤንኤ ቁራጭ በሚያባዛ ዘዴ) መፈለግ ይቻላል። ሜዳካ በሚባለው ዓሣ ዲኤምዋይ፣ በሳልሞን ቤተሰብ ኤስዲዋይ ለዚሁ ሥራ ያገለግላሉ። ግን የቲላፒያው ምልክት በሁሉም የቲላፒያ ዘር ላይ እኩል አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ከዚያው ዘር የመራቢያ አካላቸው የታየ ጥቂት ወንዴዎችና ሴቴዎች ላይ ይሞክሩት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ስልክ መደወል አለብዎት፤ ጫጩቶቹን ወደሰጠዎ ማራቢያ። ብዙ ማራቢያዎች ወንዴ ቲላፒያ ቶሎ ስለሚያድግ ጫጩቶቹን ሁሉ ወንዴ ያደርጋሉ። መኖው ላይ ሜቲል ቴስቶስትሮን የሚባል ሆርሞን ይጨምራሉ፤ የተለመደው በኪሎ መኖ 60 ሚሊ ግራም፣ ለ21 እስከ 28 ቀን ነው። ዓሦችዎ እንዲህ የተደረጉ ከሆኑ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። የዘረመል ምርመራው «ሴቴ» የሚለው ዓሣ በአካሉ ወንዴ ይሆናል። በጫጩትነት ዘመን ኃይለኛ ሙቀትም፣ 36 ዲግሪ አካባቢ፣ ተመሳሳይ ነገር ሊያደርግ ይችላል። በዚያ ጊዜ ለገምጋሚው የሚሰጡት መልስ ሌላ ነው፦ ዓሦቹ በሙሉ ወንዴዎች ናቸው፣ ውጤቱም ለወንዴዎች ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ፆታው ከታወቀ በኋላ ትንታኔውን ሲደግሙ ፆታን ለብቻው አያስገቡት። መኖ ከፆታ ጋር ያለውን መስተጋብር ይፈትሹ፣ ማለትም የመኖው ውጤት በወንዴና በሴቴ ይለያይ እንደሆነ፤ ገንዳውንም በስታቲስቲክስ ሞዴሉ ውስጥ ያካትቱ። የባክቴሪያ ስብጥሩ አማካይ ብቻ ሳይሆን ስርጭቱም ይለያይ እንደሆነ ይመልከቱ። አንዳንዴ ሴቴዎቹ ከወንዴዎቹ አይለዩም፣ እርስ በርሳቸው ግን ይበልጥ ይለያያሉ፤ አንዷ እንቁላል ይዛለች፣ ሌላዋ ጥላለች፣ ሦስተኛዋ እያቀፈች ትጾማለች። አፏ ውስጥ እንቁላል የነበራት ካለች ለብቻዋ ምልክት ያድርጉባት፤ ከእሷ ጋርና ያለእሷም ይሞክሩት። ምናልባት ከ48ቱ ሴቴዎቹ ሰባት ወይም ስምንት ብቻ ሆነው ያገኟቸዋል። ያኔ መስተጋብሩን በአስተማማኝ ሁኔታ መፈተሽ አይቻልም፤ ቁጥሩን ጽፈው፣ ግራፉ ላይ ሁለቱን ፆታ በተለያየ ቀለም አሳይተው ይተዉት።

ለዛሬ ግን የመጀመሪያው ሥራ ማቀዝቀዣውን መክፈት ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና ስንት ማይክሮ ሊትር ዲኤንኤ እንደቀረ ይለኩ። ለአንድ ፒሲአር አንድ ወይም ሁለት ማይክሮ ሊትር ይበቃዎታል።